ጎጃም ውስጥ የሊበርታሪያን ጎን ደርሶህ ሳትዋረድ እንዴት ትከራከራለህ

የክርክር ክበብ ውስጥ ወይ ቡና ላይ የሊበርታሪያን ጎን (መንግሥት በሰው ንብረትና ኑሮ እጁን ያሳጥር የሚሉት ጎን) ከደረሰህ አንድ ነገር ስማኝ፣ "ግብር ሌብነት ነው" ብለህ እንዳትጀምር። እኔ ጀምሬ አይቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከቪዲዮ የሰማሁትን እንዳለ ለቀቅኩት፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ከደጀን እዚህ ድረስ በምን መጣህ? በአስፋልት አይደለም?" አሉኝ፣ ሰዉ በሳቅ ሞተ፣ እኔም ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የትኛውን ሊበርታሪያን እንደምትሆን ወስን፣ ሁሉም አንድ አይደሉማ። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሮዝባርድ መንግሥት ጭራሽ አያስፈልግም፣ ፖሊስም ዳኛም በገበያ ይሁን ባይ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖዚክ ደግሞ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና መከላከያ ያለው ትንሽዬ መንግሥት ይበቃል፣ ከዛ አልፎ ከደሞዝህ ቆርጦ ለሌላ መስጠት ግን በግድ እንደማሠራት ነው ይላል። ኖዚክን ያዝ። ሮዝባርድን ይዘህ እዚህ አገር አትወጣውም። በነገራችን ላይ "ኒዮሊበራል" የምትለዋን ቃል አትጥራት፣ በኢህአዴግ ጊዜ ስድብ ሆና ስለከረመች ሰዉ ገና ስትጠራት ጆሮውን ይዘጋብሃል።

ግብር ላይ ስትደርስ ከአሜሪካ ሳይሆን ከ1960 ጀምር። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አናስገባም ብሎ ተነሳ፣ ጦር ተላከበት፣ በአውሮፕላን ሁሉ ተደበደበ፣ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉም ተማረ። ሰው ይሄን ከአያቱ ስለሰማው ጆሮ ይሰጥሃል። ግን አታጋን፣ ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፣ ቀላድ ተጥሎ (መሬቱ በገመድ ተለክቶ) ርስቴ ይወሰዳል ብሎ ነው፣ ርስት ደግሞ የዘር እንጂ ኖዚክ እንደሚለው የአንድ ግለሰብ ንብረት አይደለም። ይቺን ራስህ ቀድመህ ካላልካት ተቃዋሚህ ይልልሃል።

ከዛ ወደ ደሞዝ ና። በ2008ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው በወር 600 ብር ነው፣ 2,000 የሆነው በ2017 ማሻሻያ ነው። በመሃል ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ ደሞዝህ በቁጥር ሲጨምር በኑሮ ምንም ሳታድግ ላይኛው የግብር እርከን ውስጥ ትገባለህ፣ ማንም አዋጅ ሳያወጣ ግብርህ ጨመረ ማለት ነው። ይቺ ክርክር ከ"ሌብነት" በአሥር እጥፍ ትሻላለች፣ ምክንያቱም አስተማሪውም ነርሱም የደሞዝ ወረቀቱን እያየ ይሰማሃል።

ኢኮኖሚ ፖሊሲ ላይ ብዙ አታብዛ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዝ፣ ማዳበሪያ። ኢኮኖሚስቱ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያለው ሐሳብ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፣ መቼ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው በየቦታው የተበተነው ሰው ነው እንጂ ማዕከል ላይ የተቀመጠ ቢሮ አይደለም። ቡሬ ያለ ገበሬ በቆሎውን ሲዘራ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ዩሪያ የሚባለውን፣ ዝናቡ በሁለት ሳምንት ከቀደመ ሁሉም ነገር ይቀድማል። ማዳበሪያው ግን ለብዙ ዓመት በአንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ገብቶ፣ በዩኒየን አልፎ፣ በመሠረታዊ ማህበር በኩል ነው ሲደርሰው የኖረው። አንዱ ጋ ወረፋ ከተያዘ መጋዘኑ በር ላይ አህያውን ይዞ የሚያድረው ገበሬው ነው፣ ሐምሌ ላይ የደረሰ የኤንፒኤስ ኬሻ ደግሞ ለጤፍ እንጂ ለበቆሎ ብዙም አያደርግለት። በ2015 ገበሬው ባህር ዳር ድረስ ሰልፍ የወጣው ለዚሁ ነው። "ነጋዴ ቢያስገባውስ ዶላሩን ከየት ያመጣል፣ ዋጋውስ?" ይሉሃል፣ እውነት ነው፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን አይተናል። እዚህ ጋ አትዋሽ፣ "መጀመሪያ ይወደዳል" በል። ሊበርታሪያን ነኝ ብሎ ሁሉም ወዲያው ይረክሳል የሚል ሰው ካጋጠመህ እሱ ደላላ ነው።

የአካዳሚክ ነፃነት ላይ ወጥመድ አለ። ሊበርታሪያን ስለሆንክ መምህር የፈለገውን ይናገር ትላለህ፣ ግን በዛው አፍህ የግል ኮሌጅ ባለቤት የፈለገውን ቀጥሮ ያሰናብት ማለትህም ነው፣ ንብረቱ ነዋ። ሁለቱን አትደባልቅ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ "በጀቱን ማን ይሰጣል?" ብለህ ጠይቅ። በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን ባንዴ ሲባረሩ የቀጠረውም የሚከፍለውም አንድ እጅ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ብትቀያይር ጉልቻ መቀያየር ነው። የኢኮኖሚስቱ የሚልተን ፍሪድማን መልስ ብሩን ለተቋሙ ሳይሆን ለተማሪው ስጡት፣ እሱ ይምረጥ ነው። እኔ በዚህ ብዙም አልተዋጠልኝም፣ የሞጣ ልጅ ቫውቸር (የትምህርት ክፍያ ወረቀት) ይዞ የት ሄዶ ነው የሚመርጠው፣ ግን ለክርክር ጥሩ ነው፣ ኮስት ሼሪንግ እየከፈለ ያለ ሁሉ ይገባዋል።

አስፋልቱን ደግሞ ተዘጋጅተህ ሂድ፣ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ መንገድ ፈንድ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ ለጥገና የሚሆን ብር ነዳጅ ላይ ተጨምሮ ይሰበሰባል፣ የነዳ ይከፍላል ማለት ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድም በክፍያ ነው የሚሠራ። ሽማግሌው ዛሬ ቢጠይቁኝ ይሄን እላቸው ነበር። "ጥገናውስ ይሁን፣ መጀመሪያ የሠራው ማነው?" ካሉኝ ግን ቡናዬን ነው የምጠጣ።