በሆድ ቱቦ የሚመገብ ሰው ቤታችሁ ካለ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስትሮክ ያገኘው ሰው መዋጥ ሲያቅተው፣ ወይም የምግብ መውረጃው በካንሰር ሲጠብ፣ ሐኪሞች ሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው የመመገቢያ ቱቦ ያስገባሉ። ደሴ ላይ ሥራው የሐኪም ነው። በሽተኛው ወደ ደላንታ ወይም ወደ ቦረና ሲመለስ ግን ሥራው የሚስት፣ የልጅ፣ የእህት ይሆናል። ነርሷ አብራ መኪና አትሳፈርም።

የቱቦው ጫፍ የት እንዳለ ሳይጠይቁ መውጣት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ከሆድ የወጣች ላስቲክ። ውስጡ ግን ይለያያል። አንዱ ጨጓራ ውስጥ ያበቃል። ሌላው በቀጥታ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው በጨጓራ ገብቶ ጫፉ አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ለጨጓራ፣ አንዱ ለአንጀት።

ጨጓራ እንደ ጎተራ ነው። ምግቡን ይይዝና ጥቂት በጥቂት ወደ አንጀት ይለቃል፤ አሲዱም ብዙ ጀርም ይገድላል። አንጀት ሁለቱንም አይችልም። ስለዚህ የጨጓራ ቱቦ ያለው አዋቂ በሲሪንጅ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ለምሳሌ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሊሰጠው ይችላል። ጫፉ አንጀት ውስጥ ከሆነ ግን ምግቡ እንደ ጉሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ ለሰዓታት መግባት አለበት። ያንኑ 300 ሚሊ ሊትር አንጀት ውስጥ በሲሪንጅ ብትገፉት ቁርጠት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ይመጣል። ቤተሰቡም «ምግቡ አልተስማማውም» ብሎ ምግብ ሲቀያይር ይከርማል። ምግቡ አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ጫፉ የት እንዳለ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ሁለት አፍ ካለውም ነርሷ በፕላስተር ምልክት ታድርግበት።

አጥሚት ብቻ

አጥሚት የበሽተኛ ሁሉ መድኃኒት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለቱቦ ግን ጣጣ አለው። ሲወፍር ይዘጋል፤ ሲቀጥን ውሃ ነው። ቱቦው እንዳይዘጋ ተብሎ ቀጭን አጥሚት በቀን ሦስቴ የሚሰጠው ሰው የጠገበ ይመስላል እንጂ እየከሳ ነው። ቅቤ ከበዛበት ደግሞ ሲበርድ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ተልባም ቆይቶ ይዝለገለጋል። ፌጦ በሎሚማ ይቅር፤ ሎሚው ወተት ካገኘ ያረጋዋል።

አጥሚቱ ይኑር። ግን ወተት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ምስርና ዘይት ይግባበት፤ በብሌንደር ይፈጭ፤ በደቃቅ ወንፊት ይጠለል። መጠኑን የሥነ ምግብ ባለሙያ በበሽተኛው ክብደት ያውጣላችሁ። ጫፉ አንጀት ውስጥ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ የቤት ምግብ አትጀምሩ።

ደግሞ «ደሴ ብርድ ነው፣ አይበላሽም» ይባላል። ጠዋት የተሠራው ማታም ይሰጣል። ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ የቤት ምግብ ይደፋ። ሙቀቱ ከፍ በሚልበት በኮምቦልቻማ ጭራሽ አይሞከርም።

በቱቦ መጾም

ወሎ ውስጥ አንዱ ቤት ረመዳን፣ ጎረቤቱ ሁዳዴ ይጾማል። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ቱቦውን ዘግቶ፣ መግሪብ ላይ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ መስጠት አደገኛ ነው። ጨጓራ ከልክ በላይ ሲሞላ ምግቡ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሁዳዴ ሲገባም ወተቱና እንቁላሉ ይቋረጥና በሽተኛው 55 ቀን በሽሮ ውሃ ይከርማል።

ቁርኣን በሽተኛን በጾም አያስገድድም። በኦርቶዶክስም የንስሐ አባት ለታመመ ይፈቅዳል። በሽተኛው «ጾሜን አልፈታም» ካለ ከእሱ ጋር አትከራከሩ፤ ሸሁን ወይም ቄሱን ቤት ድረስ ጥሩለት። እነሱን ይሰማል።

ጠበልም ሆነ ዘምዘም ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት የውሃው ንጽሕና ይታሰብበት፤ በተለይ ጫፉ አንጀት ውስጥ ከሆነ። ፊቱንና እጁን ማበስም ይቻላል።

አስተኝቶ ማብላት

ምግብ ሲሰጥ ከራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል። ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና እንዳለ ይቆይ። ስፖንጅና ትራስ ይበቃል።

ሳይታጠብ የቀረ ቱቦ

ለአዋቂ ከምግብና ከመድኃኒት በፊትም በኋላም 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ይለቀቅበት። ለሕፃን መጠኑ ያንሳል። ኪኒኖችን አንድ ላይ ፈጭቶ ከምግቡ ጋር ማደባለቅ ደግሞ ቱቦ ይዘጋል። እያንዳንዱ ለየብቻ ይሰጥ፤ መሃል ላይ ውሃ ይለፍ። ቀስ ብለው እንዲሠሩ የተሠሩ ኪኒኖች ፈጽሞ አይፈጩም፤ ፋርማሲስቱ ሽሮፕ ካለ ይንገራችሁ።

ከተዘጋ ኮካ ወይም ሽቦ አታስቡ። ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ሲሪንጅ ገፋ፣ ሳብ እያደረጋችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ አታስገድዱት።

ቱቦው ሲወጣ

ሌሊት ሲገላበጥ ቱቦው ወጣ እንበል። አንዱ ስህተት «ነገ ይደርሳል» ብሎ መተኛት ነው። ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። ሌላው የባሰ ነው፤ ያንኑ ቱቦ አጥቦ መልሶ መክተት። በተለይ ቱቦው ከገባ አንድ ወር ካልሞላው መንገዱ ገና አልጠናም። ሆድ ሳይከፈት በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) እየታየ የሚገባው ቱቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሐኪሞች ይፋ የሆነው ዘዴ፣ ብዙውን ጊዜ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር አይሰፋውም። ተጠግቶ በራሱ እስኪጣበቅ ይጠበቃል። ያኔ የተከተተ ቱቦ ከጨጓራ ውጭ ሊያርፍ ይችላል። ምግብ ከተላከበት ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስና ሕይወት የሚያሳጣ ኢንፌክሽን ይሆናል።

ቀዳዳውን በንጹሕ ጎዝ ሸፍኑ። የወጣውን ቱቦ በፌስታል ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፤ የመጠኑ ቁጥር ላዩ ላይ ስላለ ተመሳሳይ ለማግኘት ይረዳል። የአንጀት ቱቦ ከሆነ ጫፉ የት እንዳረፈ በምስል መታየት አለበት።

ወደ ውስጥ የሚንሸራተትም አለ። አንዳንድ ቦታ ለጨጓራ የሚገባው የሽንት ካቴተር (ለሽንት ማስወጫ የተሠራ ቱቦ) ነው። ቱቦው እንዳይወጣ ጫፉ ላይ የሚነፋው ትንሽ ባሉን ወደ ጨጓራ መውጫ ተስቦ ይዘጋዋል፤ በሽተኛውም ያስመልሳል። ቱቦው ቆዳው ላይ በሚገናኝበት ቦታ በማርከር መስመር አስምሩ። ጠዋት ጠዋት እዩት።

ቁስሉ ላይ ቅቤና ቅጠል

አያስፈልግም። ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ ማድረቅ። መቅላት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ደም ወይም ሲመገብ የሚመጣ ሕመም ካለ ምግቡን አቁማችሁ ሂዱ።

አፉን መርሳት

«አንድ ሲኒ ቡና ምን ያደርገዋል?» ለአንዳንዱ ምንም። መዋጥ ላቃተው ግን ሳንባው ይገባል። ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁት፦ መቅመስ ይችላል ወይ? ቢከለከልም እንኳ አቦል ሲቀዳ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ጭሱንና ወሬውን ማንም አልከለከለውም።

በአፉ ስለማይበላ ጥርሱ አይቆሽሽም ማለትም ልክ አይደለም። ምራቁ ውስጥ ያለው ጀርም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ፤ መትፋት ካልቻለ በረጠበ ጎዝ ጥርሱና ምላሱ ይታበስ።