አሮጌ ባለሞላ የአየር ጠመንጃ እንዴት ይመረመራል?

የሰደፍ ቀለም ማንም ያሳምራል፤ የአሮጌ የአየር ጠመንጃ ጥራት ያለው ሞላው፣ ፒስተኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ በሞላው ተገፍቶ አየር የሚያምቀው ክፍል) እና አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሸጊያው ላይ ነው። የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ የሚጎዳውም ይህንኑ ነው። ሻጩ ሕጋዊ ሰነድ ከሌለው ሳትነኩት ተዉት።

መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ እንዳልጎረሰና እንዳልተወጠረ አረጋግጡ። የጀርመኑ ዲያና 27 ከሆነ ሲሊንደሩ ኋላ ላይ የተመታውን ወርና ዓመት ፈልጉ፤ «05 72» ማለት እ.ኤ.አ. ሜይ 1972 ነው።

ቀጥሎ አፈሙዙን፣ ማለትም ታጥፎ የሚከፈተውን በርሜል፣ ከጎን ተመልከቱ። መታጠፊያው አጠገብ ወደ ላይ ከጎበጠ፣ ተከፍቶ ሳለ ቃታው ተስቧል ማለት ነው፤ ሞላው በኃይል መልሶ ዘግቶታል። ጣትም ይቆርጣልና፣ ጥይት ስታጎርሱ ሁልጊዜ አፈሙዙን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ።

አፈሙዙን አጥፋችሁ ሞላውን ቀስ ብላችሁ ወጥሩ። ደህናው ሳይንቀጫቀጭ ይሄዳል። ብረት ከብረት ሲፋተግ ከተሰማ ቅባቱ አልቋል፣ ሲሊንደሩ ተጭሯል ወይም ሞላው ተሰብሯል። ባዶውን አትተኩሱ፤ ጥይት ከሌለ ፒስተኑን የሚያበርድ የታመቀ አየር አይኖርምና ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ይጋጫል። ጥይት አጉርሳችሁ፣ አፈሙዙና ሲሊንደሩ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ስስ ሶፍት አድርጋችሁ አስተማማኝ ዒላማ ላይ ተኩሱ። ሶፍቱ ከበረረ አየር ያመልጣል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚያ መገጣጠሚያ ማሸጊያ ቀለበት ነው፣ ቀላል ነገር።

የፒስተኑ የቆዳ ማሸጊያ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ድሬ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ተኩሱ ይደክማል። ሳትወጥሩ አፈሙዙን በትንሹ ከፍታችሁ በአየር ማለፊያው ቀዳዳ 3 ወይም 4 ጠብታ ንጹህ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ ሰደፉን መሬት አስይዛችሁ ሌሊቱን አቁሙት። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ቢጨሱ አያሳስብም። እንደ ባሩድ ጠመንጃ ከጮኸ ግን ዘይቱ በዝቶ እየነደደ ነው፤ ሞላ ይሰብራል። የምግብ ዘይት ደርቆ ይጣበቃል፣ ናፍጣም ይነዳል፤ ሁለቱንም አትሞክሩ። ማሸጊያው ፕላስቲክ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ሐረር ወጥታችሁ ስትተኩሱ ከድሬ ትንሽ ቢደክም ሞላ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1200 ገደማ፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ስስ ነው።

ሰደፉን አውጥታችሁ ብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ እዩ። የሲሊንደሩን የኋላ መዝጊያ ግን በካቻቢቴ ብቻ አትፍቱ፤ ሞላው ሳይወጠርም ታምቆ ነው የሚቀመጠው፣ ሲለቀቅ ፊት ይመታል። ሞላ መጨመቂያ ያለው ባለሙያ ይፍታው።