የጂን ካርታ የሚጀምረው ከፎርማሊን ዕቃው ነው

ጅማ ውስጥ በሽታን ከሥጋ ናሙና በሚመረምር የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ናሙና መቁረጥ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። «ዕጢው ውስጥ የትኛው ጂን የት እንደሚሠራ በካርታ ማየት እንፈልጋለን» የሚሉ ወጣት ተመራማሪዎችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ናሙናው ከታካሚዋ አካል የወጣበትን ሰዓት ነው።

ጂን ሲሠራ አርኤንኤ የሚባል የመልእክት ቅጂው ይወጣል፤ የምንለካው እሱን ነው። ሥጋውን ፈጭተን ብንለካ ቦታው ይጠፋል። የተወቀጠ ቡና የትኛው ፍሬ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደተለቀመ አይናገርም። የስቶክሆልም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳዩት መንገድ ግን ስሱን ቁራጭ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ አድራሻ ባለው ስላይድ ላይ ያሳርፈዋል።

አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። ናሙናውን እንደወጣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ፣ ቢያንስ አሥር እጥፉ በሆነ 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ክተቱት። አንድ ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳይቆረጥ የተነከረ የጡት ዕጢ ሰኞ ጠዋት ስከፍለው፣ ዳሩ ግራጫና ጠንካራ፣ መሃሉ ቀይና ለስላሳ ነበር። መሃሉ ለካርታ አልሆነም። ሴትዮዋ ፈቅዳ የሰጠችን ነውና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ 24 ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ወደ አልኮልና ፓራፊን (ሰም) ይለፍ።

ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አቀዝቅዞ ማቆየትም ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ፓራፊን እመርጣለሁ፤ ብሎኩ፣ ማለትም ናሙናው የተቀበረበት የሰም ጡብ፣ ያለ ፍሪዘር ይቆያል። የጅማ ክረምት እርጥብ ስለሆነ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብራችሁ አኑሩ። ፎርማሊን አርኤንኤውን ስለሚቆራርጠው፣ ውዱን ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት ከአንድ ቁራጭ ጥራቱን ለኩ።

ለመቁረጥ አዲስ ምላጭና አዲስ ጓንት ያዙ፤ ቆዳችን ላይ አርኤንኤን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉ። ብሎኩን በበረዶ አቀዝቅዙ፣ የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ጣሉ፣ ከዚያ በ5 ማይክሮሜትር ቁረጡ። ለብ ባለው ውሃ ላይ ስትለቁት ሰሙ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች እጥፋት ብትቀር እንኳ ያን ቁራጭ አትጠቀሙበት፤ የታጠፈው ቦታ ድርብ ስለሆነ ጂኑ በዝቶ የሠራ ያስመስላል።

ቪዚየም በሚባለው የተለመደ ባለ አድራሻ ስላይድ ናሙናው የሚያርፍበት ካሬ 6.5 በ6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የሚፈለገውን ቦታ ፓቶሎጂስቱ ቀለም በተነከረ አጎራባች ቁራጭ ላይ ያመልክትላችሁ። ነጥቧ 55 ማይክሮሜትር ስፋት ስላላት በርካታ ሕዋሳት ሊያርፉባት ይችላሉ፤ «ይህ ሕዋስ እንዲህ አደረገ» አትበሉ።

የካሴቱን፣ ማለትም ናሙናው የሚቀመጥበትን ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ቁጥር ደግሞ በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይታጠባል።