ግሪድ (የኤሌክትሪክ መረቡ) ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፦ መልሶ የማስነሻ ዕቅድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያልተፈተነ ማስነሻ ላይ መተማመን። ኃይል ማመንጫ ራሱ ለመነሳት መብራት ይፈልጋል። በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ፓምፑንና ማራገቢያውን የሚያዞርለት ኃይል ካላገኘ አይነሳም። ስለዚህ ዕቅዱ ሁሉ የሚንጠለጠለው በራሳቸው ዲዝል ጄኔሬተር ወይም ባትሪ መነሳት በሚችሉ ጥቂት ማመንጫዎች ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ወይም የጋዝ ተርባይን ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ደቡብ አውስትራሊያ በአውሎ ነፋስ ምክንያት ስትጨልም፣ ለዚሁ ሥራ ውል የያዙ ሁለት ማመንጫዎች ነበሩ። በክፉ ቀን ሁለቱም አልደረሱም። የግዛቷ ግሪድ እንዲነሳ ያስቻለው ከጎረቤት ቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ነው። ጄኔሬተሩን ብቻ አስነስቶ “ይሠራል” ብሎ መፈረም ፈተና አይደለም። መስመሩና ትራንስፎርመሩ ኃይል አግኝተው፣ ቀጣዩ ማመንጫ ተነስቶ መታየት አለበት።

ሰፈሩ የድሮውን ያህል ኃይል ይወስዳል ብሎ ማስላት። ለሰዓታት ጠፍቶ የቆየ ሰፈር ሲበራ ፍሪጁ፣ ማሞቂያው፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ሁሉም በአንዴ ይነሳል። ወትሮ 5 ሜጋ ዋት የሚወስድ መስመር 10 እና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ገና በጥቂት ማመንጫ የቆመ ግሪድ ይህን አይችልም፤ ፍሪኩዌንሲው (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ) ከ50 ሄርዝ ቁልቁል ይወርዳል፣ የመከላከያ መሣሪያው ይቆርጣል፣ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሙያው የሚታወቅ አንድ ልክ አለ፦ በአንድ ጊዜ የሚጨመረው ሎድ (ደንበኞች የሚወስዱት ኃይል) ሥራ ላይ ካለው የማመንጨት አቅም 5 በመቶ አይለፍ። 100 ሜጋ ዋት ካለ፣ 5 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ያውም ሲበራ በሚጠይቀው መጠን ተሰልቶ።

ረጅም መስመርን ባዶውን ማብራት። ሎድ የሌለው ረጅም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ከመነሻው በላይ ይወጣል። ዕቃ ያቃጥላል። አጭሩን መንገድ ይምረጡ፤ ሪአክተሮቹም (ትርፍ ቮልቴጁን የሚያወርዱት መሣሪያዎች) አስቀድመው ይግቡ።

ባትሪና ስልክን መርሳት። የማከፋፈያ ጣቢያ ብሬከር (መስመሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው መሣሪያ) የሚከፈተውና የሚዘጋው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይቆይም። የሞባይል ኔትወርክም አብሮ ይሞታል። ሠራተኛ ወደ ጣቢያዎቹ የሚወጣው ስልክ ተደውሎለት ሳይሆን፣ መብራት እንደጠፋ በራሱ እንዲሆን አስቀድሞ ይታዘዝ።

ቅድሚያን በጩኸት መወሰን። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ግፊቱ የሚመጣው ከላይ ነውና። የኒውክሌር ማመንጫ ካለ ለማቀዝቀዣው ኃይል የሚያደርሰው መስመር ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ደንበኞች የሚመረጡት በክብራቸው ሳይሆን ማመንጫው ተረጋግቶ እንዲሠራ በሚያስፈልገው ሎድ ልክ ነው። ሆስፒታሉ እስኪደርሰው ድረስ የራሱ ጄኔሬተር በቂ ነዳጅ ይኑረው። ይህም ዕቅዱ ውስጥ በጽሑፍ ይስፈር፤ በዚያ ሌሊት ክርክር የሚነሳበት ጊዜ የለም።