የቀበሮን ዘር በጂኖም (በሙሉ ዲኤንኤው) ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ወጥመድ «ቀበሮ» የሚለው ስም ራሱ ነው። የባሕር ዳር ዙሪያ ገበሬ ማታ ማታ ጩኸቱን የሚሰማውን ተራ ቀበሮ፣ የሰሜን ተራሮችን ቀይ ቀበሮና ጀርባው የጠቆረውን ቀበሮ፣ ስም ስለተጋሩ ብቻ ወንድማማች አድርጎ ጥናት መጀመር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮ ከሌሎቹ የአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላ እንደሚቀርብ አሳይቷል፤ ጀርባ ጥቁሩ ከሁሉም ርቆ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መስክ ላይ ይፈጸማል። ጣና ዳር፣ ደንገሉ ሥር፣ ለዲኤንኤው ተብሎ ማለዳ የተለቀመ ዓይነ ምድር በፌስታል ተቋጥሮ እስከ እኩለ ቀን ከቆየ ፌስታሉ ከውስጥ ያልበዋል፤ እርጥበቱና ሙቀቱም ባክቴሪያ እያራቡ ዲኤንኤውን ይቆራርጡታል። እኔም በተማሪነቴ የአንድ ሳምንት ልቅሚያ እንዲህ አበላሽቻለሁ። ናሙናው ወዲያው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ባለበት ብልቃጥ ወይም በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ። የሚወሰደውም ከላይኛው ገጽ ተፍቆ ነው፤ የእንስሳው የአንጀት ሕዋሳት የሚበዙት ከውጭ ሲሆን፣ ውስጡ በአብዛኛው የበላው አይጥ ነውና። ጥርኝ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ይጸዳዳል፣ የመንደር ውሻም ዳሩን ሲዞር ይውላል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በአጭር የዲኤንኤ ምርመራ ሳይለይ ለሙሉ ጂኖም ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን በማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል በምታመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ ብቻ መፍረድ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያም ስለ አባት ወገን ቢጠየቅ መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ የተሰበሰቡ ናሙናዎች በዚህ መንገድ ሲታዩ ተራ ቀበሮ የግራጫ ተኩላ ወገን መሰለ። በ2015 ከመላው ጂኖም የተገኘ መረጃ ሲጨመር ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ ከግራጫው ተኩላ መስመር የተለየውም ከ1.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ተገመተ። በ2018 የወጣው ትንተና ደግሞ ከዘሩ 72 በመቶ ያህሉን ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶውን ከቀይ ቀበሮ ወገን እንዳገኘ አመለከተ። ይህን ሲያነቡ የዛሬዎቹ ሁለት እንስሳት ተዳቅለው ወለዱት ብሎ መረዳት ሌላ ስህተት ነው፤ የተዳቀሉት የጥንት ቅድመ አያቶቻቸው ናቸው።

ንባቦቹን፣ ማለትም በማሽን የተነበቡትን የዲኤንኤ ቁርጥራጮች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው የቦክሰር ውሻ ጂኖም ላይ ብቻ መደርደርም ያዛባል፤ ከውሻው በጣም የሚለዩት ቁርጥራጮች ቦታ አጥተው ስለሚወድቁ ቀበሮው ከእውነቱ ይልቅ ውሻ ይመስላል።

የመጨረሻው የንባብ ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የመጀመሪያው የድመት ጂኖም (ዲኤንኤው የተወሰደው ሲናሞን ከምትባል የአቢሲኒያ ድመት ነበር) እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 1.9 ጊዜ ብቻ ተነቦ የተሠራ ነበር። ለጅምር ይበቃል፤ ነገር ግን በዚህ መጠን ብዙ ጊዜ ከእናትና ከአባት ቅጂዎች አንዱ ብቻ ስለሚታይ፣ ጤነኛ ብዝኃነት ያለው እንስሳ ከዘመዳሞች የተወለደ ሆኖ ይነበባል።