ፋይሉ ተቆልፏል፣ ባክአፑም አብሮ ሄዷል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ፀረ ቫይረስ አላችሁ ወይ፣ ዊንዶውሱ አፕዴት ተደርጓል ወይ እያልኩ አልጠይቅም። ያንን ያላደረገ መጀመሪያ እሱን ጨርሶ ይምጣ። የምጽፈው ደጋግሜ ስለተጠራሁበት ጣጣ ነው። ትንንሾቹን ግን ላስቀድም።

ማታ ማታ ስልካችሁ ላይ "ለመግባት የሞከሩት እርስዎ ነዎት?" የሚል መልእክት ይነዘንዛችኋል? ፓስወርዳችሁ ሰው እጅ ገብቷል። "አይደለሁም" በሉና ወዲያው ቀይሩት። እንቅልፌ አይቋረጥ ብሎ "አዎ" የተጫነ ሰው አውቃለሁ።

ዕቃ አቅራቢያችሁ "የባንክ ሂሳብ ቀይረናል" ብሎ ኢሜይል ከላከ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ፤ ድሮ በምታውቁት ደውሉ። ከዚያ የራሳችሁን ኢሜይል ሴቲንግ ከፍታችሁ፣ ደብዳቤ ወደማታውቁት አድራሻ እየተላለፈ እንደሆነ እዩ። ሌባው ፓስወርዱ ከተቀየረበት በኋላም ማንበቡን የሚቀጥለው በዚያች በኩል ነው።

ድረ ገጹ በጥያቄ ጎርፍ ተጨናንቆ ከወደቀ ለሆስቲንግ አቅራቢው (ድረ ገጹን ሰርቨሩ ላይ ለሚያኖርላችሁ ድርጅት) ደውሉ። እናንተ የምትፈቱት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ጠዋት ከሂሳብ ክፍል ይደወላል፦ "ኤክሴሉ እምቢ አለኝ።" ስትሄዱ የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማይታወቁ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ያው አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል፦ ገንዘብ ክፈሉ። ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም።

የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ኮምፒውተሩን ግን አታጥፉት፣ ሪስታርትም አታድርጉት፤ ሚሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። የተቆለፉትን ፋይሎች አትሰርዙ። ከነሱ ሁለቱን ከማስታወሻው ጋር ንጹህ ኮምፒውተር ላይ ወስዳችሁ ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሞክሩ። በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ከሁለት የደህንነት ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት ነው። መክፈቻ ከተገኘለት በነጻ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን አይገኝለትም።

ባክአፕ (የፋይሎቻችሁ መጠባበቂያ ቅጂ) ያለበትን ሃርድ ዲስክ እንዳትሰኩ! በፍጹም! አንድ ቢሮ የቀረችውን አንዲት ዲስክ "ደህና መሆኗን ልይ" ብሎ በተመታው ሰርቨር (የቢሮው ፋይል በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ ሰካት። እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። ስደርስ የዲስኳ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል። ሰውየው ቆሞ ያያል፤ ስክሪኑ ላይ የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ ይለወጣል። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የሶስት ዓመት ደረሰኝ ግን አልቆ ነበር።

"ባክአፕ አለን እኮ" የማይለኝ ሰው የለም። አለ፣ ግን የት? ሌት ተቀን ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ። ሰርቨሩ የሚያየውን ሁሉ ራንሰምዌሩም ያያል። ወይም ባክአፑ የሚከፈተው በዚያው በአድሚን (ሲስተሙን ሁሉ በሚያዝዘው አካውንት) ፓስወርድ ነው። ወንጀለኞቹ ደግሞ ፋይሉን ከመቆለፋቸው በፊት ባክአፑን ፈልገው ያጠፋሉ፤ ሥራቸው ነው። ክላውድ ላይ ሲንክ ማድረግም (ኮምፒውተሩ ላይ የተለወጠውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለው ማስቀመጫ ወዲያው መድገም) ባክአፕ አይደለም፤ የተቆለፈውን ፋይል ታማኝ ሆኖ ወደ ላይ ይጭነዋል። የድሮ ቅጂ የሚይዝ ከሆነ ዕድል አላችሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አረንጓዴዋ ምልክት ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ባክአፑ በየሌሊቱ "ተሳክቷል" ይላል። ለወራት። ከፍቼ ሳየው በየሌሊቱ የሚቀዳው ባዶ ፎልደር ነው። ሰርቨር ሲቀየር ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል፣ ባክአፑን ያስታወሰ የለም። መጠኑን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር።

ከፍለን እንገላገል የምትሉ፦ የአሜሪካው የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ኮሎኒያል ፓይፕላይን በ2021 ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የተሰጠው መክፈቻ ከመንቀርፈፉ የተነሳ ሥራውን በራሱ ባክአፕ ነው የቀጠለው። እስከዚያ የአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል በነዳጅ ሰልፍ ተጨናንቆ ነበር። በዚያው ወር የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ተመታ። ወንጀለኞቹ መክፈቻውን በነጻ ሰጡት፤ ሰርቨሮቹን መልሶ ማቆም ግን አራት ወር ገደማ ፈጀ። የተገባበት ደግሞ በመጋቢት የተከፈተ አንድ የኤክሴል ፋይል ነው፤ መቆለፉ የመጣው በግንቦት። ስለዚህ የትናንቱ ባክአፕ ውስጥም ሌባው ሊኖር ይችላል። የቆዩ ቅጂዎችንም አቆዩ።

መፍትሄው አዲስ ነገር የለውም። ሶስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ፤ ከነዚህ አንዱ ተነቅሎ የሚቀመጥ። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ መርስክ በ2017 ኖትፔትያ በሚባል አጥፊ ፕሮግራም ሲመታ የኔትወርኩን የመግቢያ ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮቹ ሁሉ ጠፍተው አንዱ ብቻ የተረፈው ጋና ነበር። ያዳነውም መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ መውጣቱ ነው። እናንተ መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ፣ ንቀሉት። የባክአፑ አካውንት ከአድሚኑ የተለየ ይሁን።

ከዚያ ፋይሉ ከባክአፑ መመለሱን ሞክሩት። በየወሩ አንድ ፋይል፤ በየሶስት ወሩ ሙሉ ሰርቨር፣ ባዶ ማሽን ላይ፣ ሰዓት ይዛችሁ። "ሁለት ሰዓት ይበቃዋል" ያለኝ ሰው ሦስት ቀን ሲፈጅበት አይቻለሁ።

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱንና የስልክ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አትሙ። ዕቅድ አላችሁ ወይ ስላቸው "አለን፣ በጣም ጥሩ ነው" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ፎልደሩን ከፈትንላቸው። ዕቅዱም ተቆልፏል።