ሞቷል የተባለ የናፍጣ ጄኔሬተር በኪሎ ሳይሸጥ በፊት

ባለፈው ክረምት መውጫ ሱሉልታ አንድ የድሮ ወፍጮ ቤት ሲፈርስ ቁራሌዎቹ ሚዛን ዘርግተው ደረስኩ፣ ጥጉ ላይ የዶሮ ኩስ የለበሰ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ከነዲናሞው ተጋድሟል። ሽማግሌው ባለቤት "ልጄ ይሄማ ከሞተ ቆየ፣ ብረት ነው" አሉኝ። በብረት ዋጋ ወሰድኩት፣ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ግቢዬን የሚያበራው እሱ ነው። እንዴት እንደተነሳ ልንገራችሁ።

ምን ሞተር እንደሆነ አይታወቅም

የሞተሩ የስም ሰሌዳ በቀለም ተደፍኖ ነው የሚሆነው፣ ግራይንደር እንዳታስጠጉበት! ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። የኔው ሊስተር ኤስአር2፣ እንግሊዝ ደርስሊ የተሰራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆኖ ተገኘ። ሊስተርና ፔተር የተዋሃዱት በ1986 እ.ኤ.አ. ስለሆነ "ሊስተር ፔተር" የሚል ካያችሁ ከዛ ወዲህ ነው። ፐርኪንስ 4.236 ከሆነ 4ቱ ሲሊንደር ነው፣ 236 ኩቢክ ኢንች፣ ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥርም በኤልዲ ይጀምራል። ዶይትዝ ኤፍ3ኤል912 ደግሞ ሶስት ሲሊንደር፣ ኤሏ በአየር የሚቀዘቅዝ ማለት ናት፣ መጨረሻ ያለው 12 የፒስተኑ ምት በሴንቲሜትር ነው። ይሄን ሳታውቁ ሶማሌ ተራ እቃ ፍለጋ ብትሄዱ ድካም ነው ትርፉ።

አይዞርም

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ውሃ በማርሚታው ገብቶ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ሲሊንደሩ ላይ ዝጎ ተጣብቋል ማለት ነው። ኢንጀክተሩን ማለትም ናፍጣ የሚረጨውን ፍቱና በቀዳዳው ናፍጣና የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ደባልቃችሁ ጨምሩ፣ ሶስት አራት ቀን ተዉት፣ ከዛ ቮላኖውን (ከባዱን ጎማ መሳይ ብረት) ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ፣ መዶሻ የለም። የኔው በአምስተኛው ቀን የጥፍር ታህል ሄደ፣ በማግስቱ ዞረ። ሲለቅ በደስታ ወዲያው እንዳታስነሱት፣ ኢንጀክተሩ እንደተፈታ በእጅ አዙራችሁ ፈሳሹን አስወጡ አለበለዚያ ፒስተኑ ፈሳሽ ሊጨምቅ ሲል ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ የሞተር ዘይቱም ናፍጣ ስለገባበት ይቀየራል።

ይዞራል ግን አይነሳም

ታንከሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ አተላ ሆኗል፣ ድፉት። ፊልትሮ ቀይሩ፣ ከዛ ከናፍጣው መስመር አየር ማስወጣት ነው፣ ከፊልትሮው ጀምራችሁ ወደ ፓምፑ፣ አረፋ እስኪጠፋ። ዲኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን እመቃ የሚለቀውን እጀታ) አንስታችሁ በማኒቬላ፣ በእጅ ማዞሪያው፣ ስታዞሩ ኢንጀክተሩ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ካለ ናፍጣ እየረጨ ነው፣ ዝም ካለ ወይ አየር አለ ወይ ፓምፑ ደርቋል።

አሁን ዋናው። ቆሞ የኖረ ሞተር የፓምፑ ራክ ማለትም የናፍጣውን መጠን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ተጣብቆ ይገኛል፣ ሙሉ ናፍጣ ላይ ከተጣበቀ ሞተሩ ተነስቶ መቆጣጠሪያ ያጣል፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ይበታተናል፣ ቁልፍ ብታጠፉም አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ በጣት ገፋ ገፋ አድርጉትና በነፃነት መሄዱን እዩ፣ ስታስነሱም አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን የሚደፍን ጣውላ ይዞ ይቁም። እኔ የወንድሜን ልጅ አቆምኩት፣ ጣውላው አላስፈለገም ግን ላቡ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት።

ጭሱ

ነጭ ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልተቃጠለም፣ የሱሉልታ ጠዋት ብርድ ላይ ትንሽ ቢታይ አትደንግጡ፣ ሞቆም ካልቆመ ግን ኖዝል (የኢንጀክተሩ ጫፍ) ወይ ኮምፕሬሽን (እመቃ) ነው። ሰማያዊ የሞተር ዘይት ነው፣ ፋሻ። ጥቁር ግን እዚህ ሰፈር ሁሉ ጊዜ በሽታ አይደለም፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ይብሳል፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሰሌዳው ላይ ያለውን ኪሎዋት ከየት ያምጣ። ምጣድና የውሃ ፓምፕ አንድ ላይ አትጫኑበት።

ሞተሩ ይሰራል መብራት የለም

መጀመሪያ ፍጥነት፣ 50 ኸርዝ የሚገኘው ባለ አራት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ዲናሞ በደቂቃ በ1500 ዙር ነው፣ ባለ ሁለት ፖሉ በ3000። ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ቮልቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ማግኔት ጠፍቷል። ሞተሩን አቁሙ፣ ኤቪአር (ቮልት የሚቆጣጠረው እቃ) ካለው ሽቦውን ንቀሉ፣ ፊልዱ ማለትም ማግኔት የሚፈጥረው ጥቅል ላይ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፕላሱን ከፕላስ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ነካ፣ መልሳችሁ ግጠሙና አስነሱ። ጠመዝማዛው እርጥበት የጠጣ ከመሰላችሁ ግን መጀመሪያ በሜገር፣ የሽቦ ሽፋን መከላከልን በሚለካው መሳሪያ፣ አስለኩት፣ ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ ሳይደርቅ አይነካም።

የኔው ሲነሳ አምፖሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዛ ቦግ አለ። ለሽማግሌው ደውዬ "አባባ ሞተሩ እኮ ተነሳ" ስላቸው ዝም አሉና "ታዲያ ዲናሞውንም መዝነኸው ነበር?" አሉኝ።